ስለ ቃር ደዌ የቀዶ ጥገና ሊቃውንት ያደረጉት ምርምር

የበላነው እህልና የጠጣነው ውሃ ከጉሮሮ ተነሥቶ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቧንቧ፣ ርዝመቱ በአዋቂ ሰው ወደ 25 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ከአከርካሪ አጥንት ፊትና ከልብ በስተ ኋላ ተሰውሮ የሚያልፍ ብልት በመሆኑ፣ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ሆድን በድፍረት መክፈት ከጀመሩ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ ሊደርሱበት ያልቻሉት፣ ቢደርሱበትም ድውዩን ከሞት ለማትረፍ እጅግ የተቸገሩበት የሰውነት ክፍል ነው። ይህ ቧንቧ በደረትና በሆድ መካከል የተዘረጋውን ድያፍራም የሚባል ጡንቻ አልፎ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ ምግብ ሲመጣ የሚከፈት፣ ምግቡ ካለፈ በኋላም የሚዘጋ የጡንቻ በር አለው፤ በሩ በላላ ወይም ያለ ጊዜው በተከፈተ ቁጥር የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ ተመልሶ ለአሲድ ያልተፈጠረውን ገላ ስለሚለበልበው፣ ሰው ከእራት በኋላ ጋደም ሲል ወይም ጎንበስ ብሎ ዕቃ ሲያነሣ ደረቱ ይቃጠላል፣ ኮምጣጣ ውሃም እስከ አፉ ይመጣበታል። ቃር የምንለው ይህ ነው።

ቃር ለብዙ ሰው አልፎ አልፎ የሚመጣና የሚሄድ ቀላል ነገር ነው። ሌሊት እንቅልፍ ለሚነሣው፣ ቧንቧው በቁስል ጠባሳ ጠቦ ቍራሽ እንጀራ አልወርድ ለሚለው፣ ወይም የቧንቧው ገላ ከዓመታት ቃጠሎ የተነሣ ባሕርዩን ለውጦ ለነቀርሳ ለሚዘጋጅበት ሰው ግን ከባድ ደዌ ነው። በዚህ ደዌ ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ ቀዳጅ ሐኪሞች የመረመሩት ነገር ሲጠቃለል ሁለት ጥያቄ ይሆናል፤ አንደኛው የላላውን በር በእጅ ሥራ ማጥበቅ ይቻላልን የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሥራው ከተቻለ ለየትኛው ድውይ ይገባል የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያገኘው በ20ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዐሠርት ዓመታትን የጠየቀ፣ በእኔም ግምት ከመጀመሪያው ይልቅ የከበደና የከበረ ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቀደሙት ሐኪሞች በቧንቧው ታችኛ ጫፍ ቁስል እንደሚገኝ በሬሳ ምርመራ ዐውቀው ነበር፤ ጀርመናዊው ሐኪም ኩዊንከ በ1879 ይህን ቁስል ከጨጓራ አሲድ ጋር አያይዞ ጽፎአል፤ በኒው ዮርክ የነበረው አሸር ዊንክልስታይንም በ1935 የቧንቧው ቁጣ ከአሲድ መመለስ የሚመጣ ራሱን የቻለ ደዌ ሊሆን እንደሚችል አመልክቶአል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ቀዳጆቹ ዓይናቸውን የጣሉት በአሲዱ ላይ ሳይሆን በራጅ በሚታየው ነገር፣ ይኸውም የጨጓራው አናት በድያፍራሙ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ደረት በሚወጣበት ቡአ ላይ ነበር። ጨጓራውን ወደ ሆድ መልሶ ቀዳዳውን መስፋት ለሥራው ፍጻሜ መስሎ ታያቸው። ቡአ እያለበት ምንም ሕመም የማይሰማው ብዙ ሰው መኖሩ፣ ቡአ ሳይኖርበትም በቃር የሚሠቃይ መኖሩ ይህን አሳብ ሊያናውጠው ሲገባ፣ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተጨነቀበትም።

በ1951 በእንግሊዝ አገር የሊድስ ቀዳጅ ሐኪም የነበረው ፊሊፕ አሊሰን ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩ መልክ መያዝ ጀመረ። አሊሰን የሚንሸራተተው ቡአ የሚጎዳው በቦታ ለውጡ ሳይሆን የበሩን ሥራ በማበላሸቱና አሲዱ እንዲመለስ በማድረጉ መሆኑን ከአናቶሚ ዕውቀት ጋር አስማምቶ አስረዳ፤ ቡአውን የሚያርምበትንም የቀዶ ጥገና ሥርዓት ደነገገ። ከዚህ በኋላ ሐኪሞች ስለ ቡአ ብቻ ሳይሆን ስለ በሩ ሥራ ማሰብ ጀመሩ፤ ይህ የአስተሳሰብ ለውጥ ከማናቸውም አዲስ መሣሪያ የበለጠ ዋጋ ነበረው።

በዚያው ዘመን በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሚሠራው፣ በትውልዱ አውስትራሊያዊ የሆነው ኖርማን ባሬት፣ በ1950 ባወጣው ጽሑፍ የጨጓራን ገላ የመሰለ ሽፋን ይዞ የተገኘውን የቧንቧ ክፍል፣ ከተፈጥሮው ባጠረ ቧንቧ ምክንያት ወደ ደረት የተሳበ ጨጓራ ነው ብሎ ተከራከረ። አሊሰንና ባልደረባው ጆንስተን በ1953 ክፍሉ በእውነት የምግብ ቧንቧው ራሱ እንደ ሆነ፣ የተለወጠው ሽፋኑ ብቻ እንደ ሆነ በማስረጃ አሳዩ፤ ይሁን እንጂ በዚያ ገላ ላይ የሚወጣውን ቁስል በባሬት ስም እንዲጠራ አደረጉ። ባሬትም በ1957 የባልደረቦቹን አስተያየት ተቀብሎ አሳቡን አረመ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የሆድ ዕቃ ሐኪም ሁሉ «ባሬት» እያለ የሚጠራው የገላ ለውጥ፣ ስሙን ያገኘው በመጀመሪያ ሌላ ነገር ነው ብሎ ከተከራከረው ሰው ነው።

ከዚህም የሚበልጥ የኅሊና ሥራ የሠራው አሊሰን ነው። በ1973 የዕድሜው ፍጻሜ በተቃረበበት ጊዜ፣ በኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ በራሱ እጅና በራሱ ሥርዓት የተቀደዱትን ድውያን ከ20 ዓመት ዘመን መዝገብ ፈልጎ፣ አስጠርቶና መርምሮ፣ ቡአውም ሆነ አሲዱ በብዙዎቹ ላይ እንደ ተመለሰ በግልጽ አሳተመ። ስሙ የተጠራበትን ሥራ ድካም ከተቃዋሚዎቹ በፊት ራሱ ቆጥሮ ለዓለም ማሳወቁ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ሊነገር የሚገባው ነው፤ በየአገሩ ያሉ ወጣት ቀዳጆች ስለ እጅ ቅልጥፍና ከመማራቸው በፊት ይህን ጽሑፍ ቢያነቡ እወዳለሁ። የአሊሰን ቀዶ ጥገና የወደቀው በሩን ከመደገፍ ይልቅ ቀዳዳውን በመስፋት ላይ ስለ ተመሠረተ ነው፤ በሩን የሚደግፈው ሥራ ግን ቀድሞውኑ በሌላ አገር፣ በሌላ ሐኪም እጅ ተጀምሮ ነበር።

ይህ ሐኪም ሩዶልፍ ኒሰን ነው። በ1896 በሲሌዝያ ምድር በናይሰ ከተማ የተወለደው፣ የታላቁ ቀዳጅ የፈርዲናንድ ዛወርብሩኽ ደቀ መዝሙር ሆኖ በሙኒክና በበርሊን ያደገው ይህ ሰው፣ በ1931 የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ አንድ ሳንባ ሙሉውን አውጥቶ በሕይወት በማትረፉ ስሙ በአውሮፓ ታወቀ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ፣ የአይሁድ ዘር በመሆኑ ጀርመንን ለቆ ወደ ኢስታንቡል ሄደ፤ የቱርክ መንግሥት ዩኒቨርሲቲውን በአዲስ መልክ ሲያቋቁም የጋበዛቸው ብዙ የተሰደዱ ሊቃውንት ነበሩና፣ ኒሰንም በዚያ የቀዶ ጥገናን ክፍል መራ። የኋላውን ቀዶ ጥገና ፍሬ የወለደው ዘር የተዘራው በዚያ ነው። በ1930ዎቹ በኢስታንቡል በቧንቧው ታችኛ ጫፍ ከባድ ቁስል የወጣበትን አንድ የ28 ዓመት ወጣት ሲቀድድ፣ የታመመውን ክፍል ቆርጦ ካወጣ በኋላ ቧንቧውን ከጨጓራው ጋር ሲያገናኝ ስፌቱ እንዳይፈታ ብሎ የጨጓራውን ገላ በመጋጠሚያው ላይ አለበሰው። ዓላማው ስፌቱን መጠበቅ ብቻ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ያ ሰው ቃር የሚባል ነገር እንደማያውቅ ሰማ። በእንደዚህ ያለ ቀዶ ጥገና አሲድ ያለ ከልካይ ወደ ላይ እንዲመለስ ይጠበቅ ነበርና፣ ኒሰን ይህን ነገር በልቡ አኖረው።

በ1939 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒው ዮርክ ሠራ፤ በ1948 የአልበርት አይንስታይንን የሆድ ዐቢይ የደም ሥር እብጠት በሴሎፋን ጠቅልሎ የሳይንቲስቱን ዕድሜ ለጥቂት ዓመታት እንዲረዝም የረዳው እርሱ ነው። በ1952 ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ተጠራ። በ1955 በዚያ ሆኖ የድሮውን የኢስታንቡል ትዝታ በሥራ አዋለው፤ ይኸውም የጨጓራውን የላይኛ ጉልላት ይዞ፣ በቧንቧው ታችኛ ጫፍ ጀርባ አሳልፎ፣ እንደ መቀነት ዙሪያውን ጠምጥሞ ከፊት ሰፋው። በ1956 አሳተመውና ፉንዶፕሊኬሽን የተባለው ቀዶ ጥገና ይህ ነው። ጥበቡ የሚገኘው ጨጓራው በምግብና በነፋስ ሲነፋ የተጠመጠመው ክፍል አብሮ በመነፋትና ቧንቧውን በመጭመቅ በሩን እንዲዘጋ በማድረጉ ነው፤ ይኸውም አሲዱን ወደ ላይ የሚገፋው ግፊት ራሱ በሩን ይዘጋል ማለት ነው።

ነገር ግን ጠበቅ ያለ መቀነት ወገብን እንደሚያስጨንቅ፣ የኒሰን ሥራም ብዙ ድውያንን አስጨነቀ። አንዳንዱ ምግብ አልወርድ አለው፤ አንዳንዱ ማግሳትም ማስታወክም አቅቶት ሆዱ በነፋስ ተነፍቶ ተሠቃየ። የቧንቧው ጡንቻ ደካማ የሆነባቸው ሰዎች ይህን ሁሉ ከሌላው አብልጠው ስለ ተሸከሙት፣ በፈረንሳይ ዶር በፊት ለፊት ብቻ፣ ቱፔም በስተ ኋላ ብቻ የሚታሰር ግማሽ ጥምጥም በ1960ዎቹ አወጡ። ቢሆንም ሁሉም የሚሠሩት ከድውዩ አፍ የሰሙትን ስሞታ ተከትለው እንጂ አሲዱ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ፣ በሩም ስንት ግፊት እንዳለው ሳይለኩ ነበርና፣ ማን እንደሚድንና ማን እንደሚጎዳ አስቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም።

ልኬቱ የመጣው በሁለት መንገድ ነው። በ1956 በሜዮ ክሊኒክ ቻርልስ ኮድና ባልደረቦቹ ቀጭን ቱቦዎችን ወደ ቧንቧው አስገብተው፣ በታችኛው ጫፍ ከፍ ያለ ግፊት ያለው አጭር ክፍል መኖሩን አረጋገጡ፤ በዓይን የማይለየው በር በቁጥር ተገለጠ። ከዚያ በኋላ የመጣው፣ በዚህ ሙያ ምርምር ረጅሙን መስመር የዘረጋው አሜሪካዊው ቀዳጅ ቶም ዴሚስተር ነው። በ1974 ከሐኪሙ ላውረንስ ጆንሰን ጋር ሆኖ፣ በሃዋይ በነበረው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ሳለ ያሳተመው ጽሑፍ አሲድን ለ24 ሰዓት መለካትን አስተማረ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ጫፉ አሲድን የሚያውቅ ቀጭን ሽቦ በአፍንጫ ገብቶ ከታችኛው በር አናት 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ድውዩ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት እየበላ፣ እየተራመደ፣ እየተኛ ይቆያል፤ የቧንቧው ፒኤች፣ ይኸውም ባነሰ ቁጥር የአሲዱን መበርታት የሚያሳየው ልክ፣ ከ4 በታች የወረደበት ጊዜ ሁሉ ይመዘገባል። ጆንሰንና ዴሚስተር ከጠቅላላው ሰዓት አሲዱ የነካበትን በመቶኛ፣ በቆሙበትና በተኙበት ጊዜ የነበረውን ለየብቻ፣ የተመለሰበትን ብዛት፣ ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየውን ብዛትና ከሁሉም ረጅሙን ጊዜ፣ ስድስቱን በአንድነት አዋሕደው አንድ ቁጥር አወጡ፤ ይህንም ቃር ከሌለባቸው 15 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው ከ14.72 በላይ የሆነው ከተፈጥሮ ልክ ያለፈ ነው አሉ። ሌሊት ድውዩ ሲተኛ የሚመለሰው አሲድ ምራቅ ስለማያጥበውና መዋጥም ስለማይኖር ከቀኑ ይልቅ ረጅም ጊዜ እንደሚቆይ የታየውም በዚሁ ምርመራ ነው። ዛሬም በየሀገሩ ያለ ቀዳጅ ይህን ቁጥር «የዴሚስተር ውጤት» ይለዋል።

ልኬቱ በእጁ ከገባ በኋላ ዴሚስተር የኒሰንን ሥራ ራሱን መርምሮ አስተካከለው። በ1986 ባሳተመው፣ ተከታትለው የተቀደዱ 100 ድውያንን በተመለከተ ጽሑፍ፣ በቧንቧው ውስጥ የሚገባውን የመለኪያ ዘንግ ወርድ ከ12 ወደ 20 ሚሊ ሜትር ቢያሰፋ፣ የጥምጥሙንም ርዝመት ከ4 ሳንቲ ሜትር ወደ 1 ቢያሳጥር፣ የጨጓራውንም ጉልላት ከታሰረበት የደም ሥር ፈቶ ቢያላላው፣ የማያቋርጥ የመዋጥ ችግር ከመቶ ከ21 ወደ 3 እንደሚወርድ፣ የአሲድ መመለሱም ምልክት በ10 ዓመት ውስጥ ከመቶ በ91ዱ እንደተገታ እንደሚቆይ አሳየ። ኒሰን የሠራው ከዚህ ረዘም ያለና የጠበቀ ነበር፤ የዛሬው ጥምጥም በአብዛኛው ላላ ያለና አጭር የሆነው ከዚህ ምርምር የተነሣ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ መጡ። በ1988 ኦሜፕራዞል የሚባለው የአሲድ ፋብሪካውን የሚዘጋ መድኃኒት በስዊድን ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1991 ደግሞ በቤልጅግ በርናር ዳልማኝ በላፓሮስኮፒ፣ ይኸውም ሆድን ሳይከፍት በትንንሽ ቀዳዳ በገባ ካሜራና መሣሪያ፣ የኒሰንን ቀዶ ጥገና ሠራ። ቀዶ ጥገናው ቀላል ሲመስል ብዙ ሰው እየሮጠ ሄዶ ተቀደደ፤ መድኃኒቱም ርካሽ ሲሆን ብዙ ሰው ያለ ምርመራ ዋጠው። በእኔ አስተያየት የዚህ ዘመን ትልቁ ስሕተት የተሠራው በዚህ ሩጫ ነው።

በቁጥጥር የተደረጉት ጥናቶች የሰጡት ፍርድ መጠነኛ ነው። በአሜሪካ የጦር አርበኞች ሆስፒታሎች የተደረገውን ጥናት ስቱዋርት ስፔችለር በ1992 ሲያሳትም ቀዶ ጥገናው ከዚያ ዘመን መድኃኒት የበለጠ ሆኖ ነበር፤ በ2001 ግን እነዚያኑ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ሲመለከት፣ ከተቀደዱት ውስጥ ከመቶ 62ቱ እንደገና መድኃኒት ይወስዱ ነበር። በ2011 የታተመው፣ በ11 የአውሮፓ አገሮች 554 ድውያንን የያዘው ጥናት፣ ከ5 ዓመት በኋላ ኢሶሜፕራዞል በሚባለው መድኃኒት ከመቶ 92ቱ፣ በቀዶ ጥገና ደግሞ 85ቱ ደኅና እንደ ሆኑ አሳየ። በ2017 የስዊድን መዛግብት ሲቆጠሩ፣ በላፓሮስኮፒ ከተቀደዱት ከመቶ 17.7ቱ ላይ ደዌው ተመልሶአል። እንግዲህ በመድኃኒት ደኅና ለሚሆን ሰው፣ ለዕድሜው ሙሉ ክኒን መዋጥን እምቢ ካላለ በቀር፣ የቀዶ ጥገና አስቸኳይነት አይታየኝም።

ቀዶ ጥገና የሚገባው ማን እንደሆነ ግን በ2019 ስፔችለር ያሳተመው ጥናት ከሌላው ሁሉ የጠራ መልስ ሰጥቶአል፤ ስለዚህም ጥቂት ልቆይበት። መድኃኒት አልረዳንም ብለው 366 የጦር አርበኞች ወደ ጥናቱ መጡ። መድኃኒቱን በትክክለኛው ጊዜና መጠን ለሁለት ሳምንት እንዲወስዱ ሲደረግ 42ቱ ዳኑ፤ ደዌያቸው መድኃኒቱን አለአግባብ መውሰድ ነበር ማለት ነው። የሚያስፈልገውን ምርመራ ያልፈጸሙ 70፣ በሌላ ምክንያት የወጡ 54 ሆኑ። በኤንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ)፣ በግፊትና በአሲድ ልኬት ሲታይ 23ቱ ሌላ የቧንቧ ደዌ ነበረባቸው፤ 99ኙ ደግሞ አሲዱ ከልክ ሳያልፍባቸው፣ ቃጠሎአቸውም ከአሲዱ መመለስ ጋር ሳይያያዝ ደረታቸው ይቃጠል ነበር። በመጨረሻ እውነተኛውን ደዌ ይዘው የቀሩት 78 ብቻ ናቸው። በእነዚህ 78 መካከል ከአንድ ዓመት በኋላ በቀዶ ጥገና ከመቶ 67ቱ ተሻላቸው፣ ተጨማሪ መድኃኒት ከተሰጣቸው 28ቱ፣ በቀድሞው መድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት 12ቱ። ዴሚስተርና ተማሪዎቹ በ1999 በጻፉት ውስጥ፣ ከቀዶ ጥገና የሚጠቀመው አሲዱ በልኬት ከልክ ያለፈበት፣ ቃሩ ግልጽ የሆነበት፣ በመድኃኒትም የተሻለው ሰው ነው ብለው ነበር፤ የ2019ኙ ጥናት በመድኃኒት ያልዳኑትንም ጨመረ፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ያው ልኬት ነው።

ቀዶ ጥገና ነቀርሳን ይከላከላል የሚለው ተስፋ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በስዊድን ዬስፐር ላጋርግሬን በ1999 ያሳተመው ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ ብርቱ ቃር ያለበት ሰው አደኖካርሲኖማ ለሚባለው የቧንቧ ነቀርሳ እጅግ የተጋለጠ መሆኑን አረጋግጦአል፤ የኖርዲክ አገሮች መዛግብት ሲመረመሩ ግን ቀዶ ጥገናው በዚህ ነገር ከመድኃኒት የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ነቀርሳን ለመሸሽ ብቻ ሲባል የሚደረግ ቀዶ ጥገና በማስረጃ የተደገፈ አይደለም።

በአገራችን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በአርሲና በባሌ አካባቢ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ነቀርሳ፣ በምሥራቅ አፍሪካ እንዳሉት ሌሎች ቦታዎች ሁሉ፣ በአብዛኛው ከአሲድ መመለስ የሚመጣው ዓይነት ሳይሆን ስኳመስ የሚባለው ነው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ በጣም ትኩስ መጠጥና ምግብ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይታሰባል፤ ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥ ለሰው ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል ብሎ መድቦታል። ከዚህ ሌላ ሆዱ የተቃጠለው ሁሉ «ጨጓራ አለብኝ» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል መግዛቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ የፈረንጅን ቀዶ ጥገና ከማስገባት በፊት የፈረንጅን ልኬት ማስገባት ይቀድማል፤ ኤንዶስኮፒ ሳይደረግ፣ የቧንቧው ግፊት ሳይታይ፣ ለ24 ሰዓት አሲድ ሳይለካ ጨጓራን በቧንቧ ዙሪያ መጠምጠም፣ ከ366ቱ ውስጥ የተጣሩት 288 ያልደረሰባቸውን ጉዳት በሌላው ላይ ማምጣት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ቃር የሚያስቸግርህ ከሆነ መድኃኒቱን ከምግብ በፊት፣ በሐኪም በታዘዘው ልክ ውሰድ፤ እራትህን አቅልለህ ብላ፣ ወዲያውም አትተኛ። ምግብ አልወርድ ካለህ፣ ሳታስበው ከከሳህ፣ ደም ካስታወክህ ወይም ሰገራህ ጥቁር ከሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳትቆይ ወደ ሐኪም ሂድና ኤንዶስኮፒ እንዲደረግልህ ጠይቅ።